በሬውን የመታሁ ቀን

በእኛ ጊዜ ወንድ ልጅ ለሚስቱ አያለቅስም ነበር። ካለቀሰ "ይሄ ደግሞ ወንድ ነው?" ይባላል። እና እኔም ሚስቴ ከድጃ፣ አላህ ይዘንላትና፣ የሞተች ጊዜ አላለቀስኩም። የመጣው ሁሉ "ሶብር አድርግ ሰይድ፣ ቻለው!" ይለኛል፤ እሺ እላለሁ። ታዲያ እንባው የት ሄደ ትላላችሁ? ቁጣ ሆነ! ልጄ ፋጡማ ከወልድያ መጥታ ወጥ ሠርታ ብታቀርብልኝ "ይሄ የናትሽ ወጥ ነው?" ብዬ ገፋሁት። እያለቀሰች ተመለሰች።

ታዲያ አንድ ቀን፣ እዚህ ከመርሳ በታች ካለችው ማሳዬ ለማሽላ ሳርስ፣ አንዱ በሬ ቆም አለ። ቆም ነው ያለ፣ ሌላ ጥፋት የለው። በጅራፉ እጀታ መታሁት፣ መታሁት፣ መታሁት፣ ደም እስኪወጣው። ሞላ፣ ክርስቲያኑ ድንበርተኛዬ፣ ሮጦ መጥቶ እጄን ያዘ።

"በሬው ምን አደረገህ?"

"ልቀቀኝ!"

"አለቅህም። በማን ነው የተናደድከው?"

እና ምን እንዳልኩ ታውቃላችሁ? "በከድጃ!" አልኩ። ወላሂ፣ እኔው ራሴ ደነገጥኩ። "ሕመሟን ደበቀችኝ! ጎኔን አመመኝ ሳትል፣ እየሳቀች ሞተችብኝ!" ብዬ ትልሙ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ሞላ ዝም በል አላለኝም፤ በሬዎቹን ፈታና አጠገቤ ተቀመጠ። ፀሐይ እስኪበረታ ተቀመጠ።

በማግስቱ ወልድያ ሄድኩና "ልጄ፣ ወጡ ምንም አልነበረበትም፤ ንዴቴ ነው፣ አውፍ በይኝ" አልኳት።

እሷ ግን "እኔም በእርስዎ ተናድጃለሁ፣ አባባ። እናቴ እንደዚያ ስትከሳ እንዴት አላዩም?" አለችኝ።

ወይ ጉድ! አፌ ለቁጣ ሊከፈት ነበር፤ ያዝኩት። እውነቷን ነዋ! "አላየሁም ልጄ" አልኳት፣ "ዕለት ዕለት አብረው የሚኖሩትን ሰው አያዩትም።"

እና ተላቀስን፣ ተላቀስን፣ ሲወጣልን ምን አለች? "አባባ፣ ራበኝ!" እኔንም ርቦኝ ነበር። ከቀብሩ ወዲህ ሲርበኝ ያን ቀን መጀመሪያዬ ነው።

ሐዘኑ ሄደ አልላችሁም፣ ዛሬም አለ። ብቻ አሁን ስሟን እየጠራን እናወራለን፣ እንስቃለንም። ምን ታዩኛላችሁ? ለምን አንስቅም? ከድጃ እኮ ሰው አሳቂ ነበረች! (ተናጋሪው ይስቃሉ።)