የአስቴር የስልክ ሐኪም

ለጎረቤቴ ለአስቴር ልጇ ስልኳ ላይ በቪዲዮ እያየ የሚያክም ሐኪም አስገባችላት። እኔ ጤና ጣቢያ ተሰልፌ ስውል፣ እሷ ማንጎዋ ሥር ተቀምጣ ትታከማለች! ቅናቱ አላስቀምጥ ቢለኝ ወንፊት አውሺኝ ብዬ ገባሁ። የቤተ ክርስቲያን ቀሚሷን ለብሳ «ጉልበቴን ነው ዶክተር» ትለዋለች። «አይዞዎት እናቴ» ይላታል። እኔን እናቴ ያለኝ ሐኪም የለም።

በትከሻዋ በኩል አሾልቄ ሳይ ነጠላዬ ከአንገቴ ተንሸራተተና ሐኪሙ አየኝ። «ከኋላ ያሉት እናት፣ አንገትዎ ላይ እብጠት አለ፤ ቀረብ ብለው ያሳዩኝ» አለ። በዶርዜ ነጠላ ስሸፍነው የኖርኩት ነው። አስቴር ስልኩን ደረቷ ላይ ለጥፋ «ሐኪሙ የኔ ነው፤ የራስሽን ፈልጊ!» አለችኝ። እሱ ግን ከደረቷ ላይ ሆኖ «እናቴ፣ አይሂዱ» ይላል። ስልኩን መንጭቄ አሳየሁት፤ ቶሎ እንድመረመር አዘዘኝ። አስቴር ይኸው እስካሁን ሰላም አትለኝም። በሰው እብጠት ይቀናል?