ያልተከፈተው ጌም

ከበደሳ ወደ ጭሮ በሚሄደው ሚኒባስ ከኋላዬ ሁለት ሰዎች ተቀምጠው ነበር። አንዱ በደሳ ላይ ሱቅ ያላቸው ሐጂ፣ ሌላው ከእሳቸው ዕቃ ሊገዛ ከድሬዳዋ የመጣ ወጣት ነው። መኪናው ሲነሳ ሐጂ በጆንያ የተጠቀለለ ካርቶን አቀበሉት።

«ያልተከፈተ የድሮ የቲቪ ጌም ስፈልግ ስንት ዓመቴ!» አለ ወጣቱ።

«እንግዲህ ቤትህ ገብተህ ትጫወትበታለህ።»

«ኧረ አልጫወትበትም ሐጂ። መደርደሪያ ላይ ነው የማስቀምጠው።»

«ልትሸጠው?»

«አልሸጠውም።»

«ታዲያ ምን ሊያደርግልህ?»

«እንዲኖረኝ ነው። እንዲህ ዓይነቱ አሁን የለም።»

«እኔም እኮ መደርደሪያ ላይ ነበር ያስቀመጥኩት። ገዢ አጣ ብዬ ሳፍርበት ነው የኖርኩት።»

«ጥሩ አደረጉ! ክብሩ ካርቶኑ ሳይከፈት ሲቆይ ነው።»

«ካርቶኑን ተወው፤ መሥራቱን አትጠይቀኝም?»

«አያስፈልግም።»

«እንዴት አያስፈልግም? እኔ ሳልሞክር የሸጥኩት የኤሌክትሪክ ዕቃ የለም፤ ሐራም ነው። ትናንት ከፍቼ ቲቪው ላይ ሰካሁት። ወላሂ ይሠራል! ጌሙ ላይ ያለችውን መኪና ሦስቴ ገደል ከተትኳት፤ በአራተኛው ግን አንደኛ ወጣሁ።»

«ያ ረቢ! ከፈቱት?»

«አይዞህ፣ መልሼ በፕላስተር አሽጌዋለሁ።»

ወጣቱ ጆንያውን ገልጦ ፕላስተሩን በጣቱ ዳሰሰ።

«ልጄ፣ የማትጫወትበት ከሆነ ግን መልስልኝ። እኔ ለምጄዋለሁ።»

ጭሮ እስክንደርስ ድረስ ጭኔ ላይ ያለውን የአዲስ ጫማ ካርቶን ልክፈተው ወይስ ልተወው እያልኩ ሄድኩ።