ሌናርድ ከድርቆሹ መሃል ደወለ

ሃልቮር በረንዳው ላይ ተቀምጦ፣ በሰሜን ዳኮታ ሜዳ ላይ ከምዕራብ የሚመጣውን ደመና ሲያይ ስልኩ ጮኸ።

— ሄሎ... አቤት፣ ማን ልበል?... ሌናርድ?

የታናሽ ወንድሙ ድምፅ ነው። እናታቸው ከተቀበሩ ወዲህ፣ በመሬቱ ክፍፍል ተኳርፈው፣ አንድም ቀን ተደዋውለው አያውቁም።

— አለሁ፣ አለሁ። ትሰማኛለህ?... ትራክተሩ? የት ነው የቆመብህ?... ድርቆሹስ?... ሁሉም መሬት ላይ ነው በለኛ... ደመናውንማ እኔም እያየሁት ነው። ከመስክ እንደሚመለስ ከብት ዝግ ብሎ ነው የሚመጣው... እስቲ ንገረኝ፣ ትራክተሩ ትንሽ ሄዶ ይጠፋል? ሲያርፍ ደግሞ ይነሳል?... እንግዲያው ቤንዚን እየደረሰው አይደለም። የሆነ ቦታ ተደፍኗል።

ፊቱን ወደ ሚስቱ አዞረ።

— ማርጂ፣ ሬዲዮውን ቀንሺልኝ። ሌናርድ ነው... አዎ፣ የኛው ሌናርድ።

— ሄሎ? የቤንዚን ሰልባትዮውን ክዳን ላላ አድርገው... አየር ሳበ?... ካልሳበ ክዳኑ ደህና ነው። ከሥሩ ያለችውን ቆሻሻ የምትይዘዋን ብርጭቆ ፍታት። የቤንዚኑን መዝጊያ ግን አስቀድመህ ዝጋ... ዝገት ነው? ድፋና ጥረጋት። ሲጋራህን ደግሞ አጥፋ... ተውክ? መቼ?... አልሰማሁም። ማን ይነግረኛል።

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮው አዛወረ።

— አሁን መዝጊያውን ክፈት። እንዴት ይወርዳል?... መጀመሪያ ደህና፣ ከዚያ ጠብ ጠብ... በቃ፣ ሰልባትዮው ውስጥ ነው። የሆነ ነገር እየተንሳፈፈ መውጫው ላይ ይለጠፋል። ቀጭን የጎማ ቱቦ ከታች አስገባና ወደ ላይ እፍ በል... በአፍህ ነዋ። አባባ ሲያደርግ አላየህም?

ሃልቮር ዓይኑን ጨፈነ። የታጨደው ሣር ሸተተው። አጎንብሶ የሚነፋው ሌናርድ ይሁን አባታቸው መለየት አቃተው።

— ቡልቅ ቡልቅ አለ?... ጎሽ። ከላይ በባትሪ እየው... ምን?... የእሳት ራት? ከነክንፏ?... በሽቦ አውጣት፣ ቀስ ብለህ... አይ እሷ። ይህን ሁሉ ብረት አቆመችው እኮ... በል አስነሳው። ስልኩን አትዝጋ።

ሞተሩ ሳል ሳል አለና ተነሳ። ድምፁ በስልኩ ውስጥ ወፍሮ፣ ደግሞም ርቆ፣ ከእንቅልፍ ዳር እንደሚሰማ ነገር መጣ። ለአፍታ በረንዳው ራሱ በሣሩ ላይ የሚሄድ መሰለው።

— ሰማሁት... አይ፣ አልተቆጣሁም። ዝም ብዬ እየሰማሁ ነው... ሌናርድ፣ እዚህ ማካፋት ጀምሯል። አንተ ጋ እስኪደርስ ጊዜ አለህ። ማን ያነሳልሃል ድርቆሹን?... ብቻህን?

ማርጂ የመኪናውን ቁልፍ ይዛ በሩ ላይ ቆማለች።

— እንመጣለን... ሳቅ፣ ሳቅ። መሸከም ቢያቅተኝ መደርደር አያቅተኝም... መንገዱን? አልረሳሁትም... በል ንዳ። ዘጋሁት።