በቃሉ ያነብ የነበረው ልጅ

«ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ይባላል። አቶ ሀሰኖ ከሰበታ በፊት ባለችው ዓለም ገና መኪና ሊቀይሩ ወርደው፣ ልጃቸው ኑሃ ከአዲስ አበባ ከመጣ ሚኒባስ ስትወርድ ድንገት ሲያዩዋት ወደ ልባቸው የመጣው ይኸው ተረት ነበር። እሳቸው ቡራዩ ለቅሶ ደርሰው መመለሳቸው ነው። እሷ ግን በዚያ ሰዓት ሰበታ፣ ጨርቃ ጨርቅ ሱቃቸው ውስጥ መሆን ነበረባት። ጠዋት ታስተምራለች፣ ከሰዓት ሱቅ ትቀመጣለች፤ እናቷ ካረፈች ወዲህ በቤቱ የጸናው ሥርዓት ይህ ነው።

«ሱቁስ?» አሏት፣ ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድሙ።

«ዘግቼው ነው፣ አባባ። ዩኒቨርሲቲ ለቃለ መጠይቅ ተጠርቼ ነበር። ተቀበሉኝ።»

«አይሆንም ብዬሽ አልነበር?»

«ብለውኝ ነበር።»

ዝናቡ ባይጀምር ኖሮ አቶ ሀሰኖ እዚያው ጥለዋት በሄዱ ነበር። ዝናብ ግን የተቆጣ ያልተቆጣ አይመርጥምና አባትና ልጅ ተከታትለው ከመንገዱ ዳር ካለች ሻይ ቤት ገቡ። ባለቤቱ ኦቦ ቀጄላ የዱሮ ወዳጃቸው ናቸው። «አካም ጅርቱ፣ ኦቦ ሀሰኖ» ብለው በኦሮምኛ ሰላም አሏቸው፤ ሁለት ሻይ አስቀመጡላቸውና ፊታቸውን አይተው ነገር ሳያበዙ ዞር አሉ። አስተዋይ ሰው ናቸው።

«እስቲ ንገሪኝ» አሉ አቶ ሀሰኖ። «በዚህ ዕድሜሽ ደብተር ይዞ ከሥራ በኋላ አዲስ አበባ መመላለስ ምን ይሉታል? እኩዮችሽ ልጆቻቸውን ያስተምራሉ። ለመሆኑ የምትማሪው ምንድን ነው?»

«የትምህርት ሥነ ልቦና ነው፣ አባባ። ልጆች እንዴት እንደሚማሩ፣ መማር ሲያቅታቸውም ለምን እንደሚያቅታቸው የሚያጠና ነው።»

«ለዚህ ደግሞ ሁለተኛ ዲግሪ ያስፈልጋል? እኔ ያለ ዲግሪ ልንገርሽ። ጎበዝ ልጅ ይማራል፣ ሰነፍ ልጅ ይሰንፋል፤ አለቀ። የሰውን ልብ እንደሆነ ከአላህ በቀር የሚያውቀው የለም።»

እውነቱን ለመናገር፣ ይህን የሚሉት አቶ ሀሰኖ ብቻ አይደሉም። በሬው ሲያነክስ ሰኮናውን አገላብጦ እያየ፣ ልጁ ፊደል ላይ ሲያነክስበት ግን አርጩሜ የሚቆርጥ አባት በየሰፈሩ ሞልቷል። ከእነዚህ አባቶች ልጁን የሚጠላ አንድም የለም። አለማወቅ ግን ከጥላቻ እኩል ይመታል።

«ያም ሆነ ይህ» ሲሉ ቀጠሉ፣ «አንቺ ትልቅ ሰው ነሽ፤ እግርሽን አላስርም። ተማሪ። ሱቁን ግን ራያ ትይዘዋለች። ከሰኞ ጀምሮ ትምህርት ቤት አትሄድም።»

ኑሃ ሻይዋን አስቀመጠች። ራያ፣ ሱሉልታ ከተማ የሚነግደው የታላቅ ወንድሟ ልጅ ናት፤ ለአያቷ ቤት ድምቀት ትሁን ብሎ ገና በሕፃንነቷ የሰጣቸው። አምስተኛ ክፍል ደርሳለች።

«ራያን ከትምህርት ቤት? ምን አጥፍታ?»

«ምን አጥፍታ ትያለሽ? ባለፈው ጁምዓ እንግዶች ፊት አንብቢ አልኳት። መጽሐፉን ዘርግታ፣ ጣቷን እያስኬደች፣ እንደ ውኃ አወረደችው። ኋላ ቀረብ ብዬ ባይ የተዘረጋው ገጽ ሌላ፣ የምትለው ሌላ። በእኔ ላይ መቀለዷ ነው እኮ። መድረሳ ላይማ ኡስታዙ ያሉትን አንዴ ከሰማች አትረሳም፤ ስንቱን ሱራ በቃሏ ይዛዋለች። ይህን የቻለ ጭንቅላት ፊደል እንዴት ያቅተዋል? ትዕቢት ነው እንጂ። ልክ እንደ...»

ስሙን ሳይጠሩ ሻያቸውን ማማሰል ጀመሩ።

«እንደ ኡዘይር» አለች ኑሃ ቀስ ብላ።

ይህ ስም በዚያ ቤት ከተጠራ ዓመታት አልፈዋል። ኡዘይር ሌላው የኑሃ ታላቅ ወንድም ነበር። ቁርዓን ሲቀራ ድምፁ መንገደኛ ያስቆማል። ሱቅ ሲቆም የትኛዋ ደንበኛ ለየትኛው ሠርግ ምን ዓይነት ጨርቅ እንደወሰደች በቃሉ ያውቃል። ትምህርት ቤት ግን ይወድቃል። ይፈር ብለው ከታናሽ እህቱ ከኑሃ ጋር አንድ ክፍል እንዲቀመጥ አደረጉት፤ አሁንም ወደቀ። ገረፉት፤ ወደቀ። አንድ ቀን ከቤት ወጥቶ ቀረ። በሞያሌ በኩል ወደ ደቡብ አፍሪካ ከሚሻገሩ ልጆች ጋር መሄዱ ተሰማ፤ ቆይቶ ደግሞ መንገድ ላይ መሞቱ ተሰማ። መቃብሩን ያየ ዘመድ የለም።

«የሱን ነገር አታንሺብኝ» አሉ አቶ ሀሰኖ፣ ድምፃቸው ተሰብሮ። «ሲሄድ ለአባቱ አንዲት መስመር እንኳ አልጻፈም። ሰው ቢከፋው ሄጃለሁ፣ አትፈልጉኝ ብሎ ይጽፋል። እኔን ከሰው አልቆጠረኝም። ወላሂ፣ ሞቱን እንኳ ችዬዋለሁ፤ ያልቻልኩት ያን ንቀቱን ነው።»

ኑሃ አባቷን አየቻቸው። ይህን ሁሉ ዘመን በሆዳቸው የያዙት ይህ መሆኑን አታውቅም ነበር። አንድ ቤት ውስጥ እየኖሩ፣ አንድ ሞት እያለቀሱ፣ አባትና ልጅ የሚያለቅሱት ለየቅል ነበር።

«አባባ፣ አልናቀዎትም። መጻፍ አይችልም ነበር።»

«ምን?»

«አንዲት መስመር መጻፍ አይችልም ነበር። ስሙን እንኳ እንደ ሥዕል ነው የሚስለው። ገጹን የማነብለት እኔ ነበርኩ፤ ሁለቴ ከሰማ ይይዘዋል። ለእርስዎ ጣቱን እያስኬደ የሚለው በቃሉ ነው። የዒድ ዕለት አጎታችን ፊት ሲያነብ ትዝ ይልዎታል?»

ትዝ አላቸው። ያኔም የተዘረጋው ገጽ ሌላ ነበር። እንግዳ ፊት ቀለደብኝ ብለው ቀበቷቸውን ፈትተው ነበር። ልጁ አልሮጠም፣ አልተከላከለም።

«እየቀለደ መስሎኝ ነው» አሉ አቶ ሀሰኖ።

«አውቃለሁ፣ አባባ። እሱ ግን ፈርቶ ነው። ‹ኑሃ፣ ፊደሎቹ ሁሉም አንድ ይመስሉኛል› ይለኝ ነበር። እኔም ልጅ ነኝ፣ ምን ልበለው? አእምሮው ስል የሆነ፣ የሰማውን የማይረሳ ልጅ ፊደልን ከድምፅ ማገናኘት ብቻ ሊከብደው እንደሚችል የተረዳሁት አስተማሪ ከሆንኩ በኋላ ነው። ጆሮ ሌላ፣ ንባብ ሌላ ነው። እንዲህ ያለው ልጅ ሰነፍ አይደለም። እንዲያውም ከሁሉ ይበልጥ የሚደክም እሱ ነው፤ እንዳይነቃበት ሲል።»

አቶ ሀሰኖ የሻይ ብርጭቋቸውን ጨብጠው ቀሩ። ሻዩ ቀዝቅዟል። ንቀት ነው ያሉት ነገር ሁሉ በአንድ ጊዜ ፍርሃት ሆኖ ታያቸው። ልጁ በዚያች ቀን ከቤት ሲወጣ መጻፍ ፈልጎ ይሆን? ብዕር አንሥቶ ትቶት ይሆን? ማን ያውቃል።

«አሁን ይህ ምን ይረባኛል?» አሉ በመጨረሻ። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ልጄ የለም።»

«ራያ አለች።»

«የሷስ ችግር መድኃኒት አለው?»

«የሚዋጥ መድኃኒት የለውም። ግን ትማራለች። ድምፁን እየለየች፣ ፊደሉን አሸዋ ላይ በጣቷ እየጻፈች፣ ጥቂት በጥቂት፣ ሰው ሳይስቅባት። ጊዜ ይፈጃል። እኔም በግምት የሰው ልጅ ላይ መሞከር አልፈልግም፤ የምማረው አውቄ ልሠራው ነው። በትምህርት ቤታችን ልጅ ሲወድቅ ወላጅ አምጣ ይባላል። ወላጅ ይመጣል፣ ልጁ ቤቱ ሄዶ ይገረፋል። ለምን አቃተህ ብሎ መጀመሪያ የሚጠይቀው ሰው የለም። ያ ሰው ልሁን ነው የምልዎት።»

«ያኔ እንዲህ ያለ ሰው ቢኖር ኡዘይር አይሄድም ነበር?»

ልጅ አባቱን ለማጽናናት የሚዋሽበት ጊዜ አለ። ኑሃ ግን አልዋሸችም።

«አላውቅም፣ አባባ። ቤቱን ያስመረረበት ነገር ግን ይቀልለት ነበር።»

አቶ ሀሰኖ ፊታቸውን በሻሻቸው ጫፍ ሸፍነው አለቀሱ። ለለቅሶ ቡራዩ ድረስ ሄደው ያላፈሰሱትን እንባ ዓለም ገና ላይ አፈሰሱት። ከዚያም ፊታቸውን ጠርገው፣ «ራያ ከትምህርቷ አትነቃነቅም» አሉ። «ከሰዓት ከሰዓት ሱቁ ላይ እኔው እቀመጣለሁ። አንቺም ሂጂ፣ ተማሪ። ደክሞኛል ብለሽ እንዳትተዪው።»

አንባቢ ሆይ፣ የአንድ ሰው መማር ለአንድ ሰው ብቻ አይደለም። ኑሃ ብትማር ራያ ታነባለች፤ ራያ ብታነብ ነገ ከልጆቿ በትምህርቱ የሚወድቅ ቢኖር ከአርጩሜ በፊት ጥያቄ ይቀድምለታል። ኑሃ በምታስተምርበት ክፍል ከኋላ ወንበር ተሸሽጎ በቃሉ የሚያነብ ልጅ ዛሬም አይጠፋም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እንላለን፤ ልጅ ግን የሚደብቀው እኛ ስናስፈራራው ነው።

ሰበታ ሲደርሱ ራያ አያቷን አይታ መጽሐፏን ከጀርባዋ ደበቀች። አቶ ሀሰኖ እጃቸውን ዘረጉ። ልጅቷ መጽሐፉን ሰጠቻቸው። አጠገባቸው አስቀምጠዋት፣ መነጽራቸውን ፈልገው፣ «ዛሬ አታነቢም፤ እኔ ላንብብልሽ» አሏት።

ልጃቸው ከሞተ ወዲህ አቶ ሀሰኖ ዱዓ ሲያደርጉ፣ «ያ ረብ፣ ማረው፤ እኔም አውፍ ብዬዋለሁ፣ ይቅር ብዬዋለሁ» ይሉ ነበር። የዚያን ዕለት መግሪብ ሰግደው እጃቸውን ሲዘረጉ ይህ ቃል አልወጣ አላቸው። «ኡዘይር፣ ልጄ፣ አንተ አውፍ በለኝ» አሉ። ልጁ በሕይወት ሳለ ይህን ቃል ከአባቱ አፍ አንድም ቀን አልሰማም።