በባዶ እግር ይሞከር

በ፲፱፻፶፰ ዓመተ ምሕረት፣ ፋሲካ ካለፈ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው፣ በበቅሎዬ ሆኜ ከቡራዩ ወደ እርሻዬ ስወርድ የእህቴን ልጅ ዓባይነህን መንገድ ላይ አገኘሁት። እግር ተሸክሟል። ከእንጨት የተጠረበ፣ ጫማ የተጫማ እግር እንደ ጠመንጃ ትከሻው ላይ አጋድሞ ይሄዳል።

«አንተ! የማንን እግር ሰርቀህ ነው?» አልኩት።

ባርኔጣውን አንሥቶ እጅ ነሣኝ። «እንደምን ሰነበቱ አክስቴ? ሠራሁት እንጂ አልሰረቅኩም። ለኦቦ ኩምሳ ነው።»

ኩምሳ የኔ ጢሰኛ ነው። ዐሥራ ስምንት ዓመት መሬቴን አርሷል። አምና ባሕር ዛፍ ሲቆርጥ ግንዱ ወደቀበትና ቁስሉ አመርቅዞ ሐኪም እግሩን ከጉልበቱ በታች ቆረጠው። እርፍ መጨበጥ ያልቻለ ሰው መሬት ምን ያደርግለታል? ያን ቀን የምሄደውም «ሰኔ ሳይገባ መሬቱን ለጎረቤትህ ለገርባ እሰጠዋለሁ» ብዬ ቁርጡን ልነግረው ነበር። ክፉ ሴት ናት የሚለኝ ይበለኝ። መሬት ጦሙን ሲያድር እኔን ማን ያበላኛል?

«የምትሠራበት ሆስፒታል ነው የላከህ?» አልኩት።

«ከሆስፒታሉ ለቅቄያለሁ።»

«ተባረርክ በለኛ!»

«ለቀቅኩ እንጂ አልተባረርኩም። ሰው ሠራሽ እግር የሚሠራ ቤት ላቋቁም ነው። እንጨቱንና ብረቱን እኔ፣ ቆዳውን የሰበታው አብዱረዛቅ። እርስዎንም የምለምነው ነገር ነበረኝ፤ የመንገድ ዳሯ ቤትዎ ባዶዋን ናት…»

በቅሎዬን አቆምኳት። «ስማ ዓባይነህ። እናትህ ያስተማረችህ ወንበር ላይ ቁጭ ብለህ እንድትጽፍ ነው። አንተ ዞረህ ዞረህ ጠራቢ ሆንክ! ይባስ ብለህ ከቆዳ ሰፊ ጋር ማኅበር ገባህ። በአባቴ አጥር ውስጥ ቀጥቃጭና ፋቂ ሲያንኳኩ አልሰማም።»

«አክስቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ የተቀመጡበትን ኮርቻ ማን ሰፋው?»

ጎንበስ ብዬ ኮርቻውን አየሁት።

«የአብዱረዛቅ አባት ነው። ከሰበታ ተሸክሜ ያመጣሁት እኔ ነኝ። እንግዲህ ሙያውን የሚሰድቡት ሙያው ላይ ተቀምጠው ነው ማለት ነው።»

በቅሎዬን ኮረኮርኳት። መልስ ሲጠፋኝ አልወድም፤ ሲጠፋኝ ማንም እንዲያይብኝ ደግሞ ጭራሽ አልወድም።

ጥቂት እንደሄድን «ከውጭ አገር የሚመጣ እግር አለ ይባላል። ያንተ ምን ይጨምራል?» አልኩት።

«የውጭው ብሎኑ ሲወልቅ ተተኪው ባሕር ማዶ ነው። የኔ ሲሰበር ከዋንዛ ይጠረባል፣ ሰበታ ይሰፋል። ሆስፒታሉም ቢሆን ተራው ረጅም ነው። ገበሬ አዝመራ ትቶ ስንት ጊዜ ይመላለሳል? ሁለቴ መጥቶ ይቀራል።»

«ይሄኛው ባይሆንስ?»

«ለምን እንዳልሆነ እማርበታለሁ። የመጀመሪያው ለሽያጭ አይደለም።»

«አሃ! በሰው ገላ ላይ ልትማር ነዋ!»

«እውነትዎን ነው፣ የሚያስፈራውም እሱ ነው» አለ ሳይቆጣ። «ስለዚህ ሳልደብቅ ነገርኩት። ሙከራ ነው፤ ካመመህ ታወልቀዋለህ፤ እምቢ ብትልም አልቀየምህም አልኩት። እሱ ግን ‹መሬቴ ሳይሄድ ቶሎ በል› አለኝ።»

ይህን ሲል ወደኔ አላየም። እኔም ወደሱ አላየሁም።

ኩምሳ ቤት ስንደርስ ሚስቱ ገለቴ «አካም ጅርቱ እሜቴ» ብላ በኦሮምኛ ሰላም እያለችኝ ወጣች። እግሩ ታሰረለት። ዓባይነህ ለደህናው እግሩም የጫማውን ጓደኛ አጫማው። ኩምሳ ተነሣ፤ ግድግዳውን ለቀቀ፤ በተለቀለቀው ወለል ላይ ወዲህና ወዲያ ሄደ። ገለቴ እልል አለች። ዓባይነህ እንደ ሙሽራ ፈካ።

«እልልታሽን ቆጥቢው» አልኳት። «ቤት ውስጥማ ሕፃንም ይሄዳል። ማሳው ላይ ይታይ።»

ወጣን። በሬዎቹ ተጠመዱ። ኩምሳ ማሳው ዳር ቁጭ አለና ሁለቱንም ጫማ አወለቀ። የበልግ ዝናብ መሬቱን አርሶታል፤ በጫማ ማን ያርሳል? ጭቃው ጫማህን ውጦ አንተን ይለቅሃል። ዓባይነህም ጫማዎቹን ተቀብሎ ዳር አኖራቸው። ኩምሳ እርፉን ጨበጠ፣ ጅራፉን አጮኸ፣ ሁለት እርምጃ ተራመደ፤ በሦስተኛው ወደ ኋላ ተዘረጋ።

«ያ ዋቃ!» ብላ አምላኳን እየጠራች ገለቴ ሮጠች።

ኩምሳ ከጭቃው ላይ ሆኖ «በሬዎቹ እንኳ ዘወር ብለው አዩኝ» አለ። ሊያስቀን ነው፤ ዓይኑ ግን የሚያየው እኔን ነበር።

እኔ ደግሞ የማየው እግሩን ነው። «አቁሙት እስቲ። ተረከዙን እዩት!»

አቆሙት። የእንጨቱ እግር በጣቱ ብቻ ቆሟል፤ ተረከዙ አየር ላይ ነው፤ ከሥሩ አይጥ ያልፋል። ክብደቱን ተረከዙ ላይ ሲጥለው ወደ ኋላ ይወረውረዋል። ዓባይነህ እግሩን የጠረበው ለባለ ተረከዝ ጫማ ነበር። ከተማ ሆስፒታል የሚመጣው ሁሉ፣ ተበድሮም ቢሆን፣ ተጫምቶ ይመጣል። ልጁም የሰው ልጅ ሁሉ ጫማ ያለው መስሎታል።

«ይህን ያህል ዘመን ስትማር» አልኩት፣ «በባዶ እግሩ የሚሄድ ሰው መኖሩን የነገረህ የለም? አንተስ ማን ጤፍ አብልቶህ አደግክ?»

የገረመኝ ግን ከዚህ በኋላ የሆነው ነው። ልጁ ይቆጣል፣ ወይ «ጫማ መልበስ ይልመዱ» ይላል ብዬ ነበር። እሱ ግን ከኪሱ መዝገብ አወጣና ጭቃው ላይ ተንበርክኮ መጻፍ ጀመረ።

«ምን ትጽፋለህ?»

«ያሉትን። ሌላስ ያዩብኝ ነገር አለ?»

እኔ ዳኛ አይቻለሁ፣ ጭቃ ሹም አይቻለሁ፣ ቄስም አይቻለሁ። ስህተቱን ሲነግሩት ዱላ የሚያነሣ እንጂ ብዕር የሚያነሣ አላየሁም ነበር። መማር ማለት ይህ ከሆነስ ደግ ነው አልኩ፤ በሆዴ።

በአፌ ያልኩት ግን ሌላ ነው። «እስከ ሰኔ ሚካኤል ጊዜ ሰጥቻችኋለሁ። በማግስቱ ኩምሳ ከረፋድ እስከ ቀትር አርሶ ካሳየኝ መሬቱ አይነካም። ካልሆነ ግን የገርባ ነው።»

«ቤቷስ አክስቴ?»

«ግቡባት። የቆዳችሁ ጠረን ወደኔ ደጅ ከመጣ ግን ውሻ እለቅባችኋለሁ።»

እንዲህ ብዬ እኔው ራሴ በየቀኑ እዚያው ዋልኩ። ተረከዙ ወርዶ ተስተካከለ፤ ከመኪና ጎማ የተቆረጠ ሰፊ መርገጫ ተመታበት፤ ጭቃውም መዋጡን ተወ። ኩምሳ ግን ጉልበቱ ሥር እየተላጠ ደማ። ዓባይነህና አብዱረዛቅ ቆዳውን ያጠብቃሉ፣ ያላላሉ፤ ያው ነው።

አብዱረዛቅን ጠራሁት። «አንተ፣ ኮርቻህ በቅሎዬን እንዳያቆስላት ምን ታደርጋለህ?»

«ሸክሙ አጥንቷ ላይ እንዳያርፍ መሐሉን ክፍት አደርገዋለሁ እሜቴ። ሥጋው ነው የሚሸከመው።»

«ታዲያ ኩምሳ ከበቅሎዬ ያንሳል?»

ሁለቱ ተያዩ። ዓባይነህ መዝገቡን አወጣ፤ አብዱረዛቅ ደግሞ ወስፌውን። ማታውኑ ቆዳውን ፈተው፣ አጥንቱ የሚያርፍበትን ክፍት ትተው አዲስ ሰፉ፤ መድማቱም ቆመ። ፋቂ ያልኩትን ሰው ያን ቀን ምሳ አቀረብኩለት። ይቅርታ መጠየቅ አላውቅበትም፤ እሱ ግን ገብቶታል።

የሰኔ ሚካኤል ማግስት ገርባም መጥቶ ማሳው ዳር ቆመ። ኩምሳ በሁለት ባዶ እግር፣ አንዱ በፈጣሪ አንዱ በዓባይነህ እጅ በተሠራ፣ ማረስ ጀመረ። ፈጣን አልነበረም። አንድ ጊዜ ቁጭ ብሎ አወለቀው፤ ጠራረገው፤ መልሶ አሰረው። ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ከማሳው ሩቡ ገና አልታረሰም። በሬዎቹን አቁሞ አንገቱን ደፋ።

«እሜቴ፣ አልጨረስኩም።»

«መጨረስህን ማን ጠየቀህ? እስከ ቀትር ነው ያልኩት። ቀትር ነው።»

ወደ ገርባ ዞርኩ። ጠብ ይነሣ ይሆናል ብዬ ምላሴን ስዬ ነበር። ገርባ ግን ኮፍያውን አስተካክሎ «አራሹ የቆመበትን መሬት እኔ አልወስድም» አለና የቀረችውን ሩብ ሊያግዘው እርፉን ተቀበለው።

እኔም መሬቱ በኩምሳ እጅ እንደሚቆይ በሽማግሌ ፊት አጻፍኩለት። በቃል የሰጠሁትን ሌላ ቀን ተናድጄ እንዳልነሣው ብዬ ነው፤ ራሴን አውቃለሁ።

በዚያው ክረምት ከሱሉልታ አንድ እንጨት ቆራጭ በምርኩዝ መጥቶ «ለኔም ሽጥልኝ» ብሎ ዓባይነህን ለመነ። «ኦቦ ኩምሳ ክረምቱን ይጨርስበት፤ የማያዛልቅ ነገር አልሸጥልህም» ብሎ ዓባይነህ መለሰው። እኔ እንኳ «ገበያ አባረርክ» ብዬ ነበር። መስከረም ላይ ሰውየው ተመልሶ መጣና ክረምት በፈተነው እግር አምሳል የተሠራለትን አድርጎ ወደ ሱሉልታ ሄደ። ዛሬ እግሩ የተቆረጠ ሁሉ የቤተ ክርስቲያን ደጅ አይቀመጥም። የሚያርስ ያርሳል፣ የሚነግድ ይነግዳል፤ ሚስት ባሏን አዝላ ወደ ሐኪም አትመላለስም፤ ኮርቻ ሰፊም በደጄ ሲያልፍ ቀና ብሎ ነው። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ይህን ለማየት ግን ፊደል አያስፈልግም።

አንድ ቀን ዓባይነህን «መዝገብህ መጀመሪያው ላይ ምን ይላል?» አልኩት። አነበበልኝ፦ «በባዶ እግር ይሞከር። አክስቴ ማሪቱ እንዳዘዙት።»

እስከ ዛሬም ከዚያች ቤት የሚወጣ እግር ሁሉ አስቀድሞ በጓሮዬ ጭቃ ላይ በባዶው ይሄዳል። ጫማ ያለው ኋላ ይጫማበታል።