ባለሸክም ይቅደም

በዚህ የጡረታ መሸኛ ላይ ንግግር አድርግ ተብያለሁ። ትምህርቴ አጭር ነውና ንግግሬም ያጥራል፤ ደስ ይበላችሁ!

ባለቀንዱን የማታውቁ እንግዶች ካላችሁ፣ ይኸው መሐል ተቀምጦ ላቡን የሚጠርገው ነው። ስሙን ያወጣንለት በሚነዳው ባለሁለት ቀንድ የዕቃ ማንሻ መኪና፣ በፎርክሊፍቱ ነው። መጋዘናችን የገባ ዕለት ሙሉ ልብስ ከነከረባቱ ግጥም አድርጎ መጣ። ዘበኛው ተቆጣጣሪ መስሎት ሰላምታ ሰጠው፤ የዚያን ጊዜው አለቃ ወንበራቸውን ለቀው ሻይ አዘዙለት። ሻዩን ጠጥቶ ሲያበቃ፣ "እግዜር ይስጥልኝ፤ የምነዳው ፎርክሊፍት የት ነው የቆመው?" አይል መሰላችሁ! ሲሳቅበት ደግሞ "ባለቤቴ ናት ያለበሰችኝ" ብሎ በእሷ አላከከ። እትዬ፣ እዚህ ስላሉ ነው የምናገረው።

ኋላ ሮቦቶቹ መጡ፤ ሾፌር የሌላቸው፣ ያን ሁሉ ዕቃ ጀርባቸው ላይ አዝለው በራሳቸው የሚሄዱት። ሮቦት ከፊቱ ሰው ካየ ቀጥ ይላል። ባለቀንዱ ደግሞ ባለሸክም ካየ ቀጥ ይላል። አንድ ቀን በእግሩ ሲያልፍ ጠባቡ መተላለፊያ ላይ ተገናኙ!

"ይለፉ" አለው ሮቦቱን። ሮቦቱ ቆመ።

"ኧረ በሞቴ፣ እርስዎ ይቅደሙ!" ሮቦቱ ንቅንቅ አልልም አለ። ከኋላው ሌሎቹ ተሰለፉ፤ ማሸጊያ ክፍሉ ሥራ ፈታ። የሮቦቶቹ መሐንዲስ እየሮጠች መጣች።

"ጋሼ፣ ዞር ይበሉለት እንጂ! ሰው ፊቱ ከቆመ አይንቀሳቀስም።"

"ልጄ፣ አሳዳጊ የበደለኝ መሰለሽ? ባለሸክም ይቅደም!"

ክንዱን ይዛ ወደ ዳር ባትስበው ኖሮ፣ ዛሬም እዚያው ሲገባበዙ ይገኙ ነበር። ይባስ ብሎ ለሮቦት አንቱ፣ ለእኔ አንተ! ምነው ስለው፣ "አንተን አውቅሃለሁ" አለኝ።

ሳቃችሁን ሳትጨርሱ አንድ ነገር ልበል። ባለቤቴ ያረፈች ጊዜ ሰው ሁሉ "አይዞህ" አለኝ፤ እግዜር ይስጠው። ባለቀንዱ ግን በየምሳው ሰዓት ወንበሩን ጎትቶ አጠገቤ እየተቀመጠ ስለ ጉልበቱ ሕመም ያወራልኝ ጀመር። አንድ ቀን ቢመረኝ፣ "የሰው ጉልበት ሁለት ነው፤ አንተ ስንት ነው ያለህ?" አልኩት። ሁለታችንም ሳቅን። ከቀብሯ ወዲህ የመጀመሪያ ሳቄ ነበር። ፈጣሪ ሰውን በሰው እንደሚያጽናና ያን ቀን አየሁ። ወንድሜ፣ አመሰግንሃለሁ።

አሁን ሥራ አስኪያጃችን ጆሯቸውን ይድፈኑልኝ። ትናንት "ሮቦቶቹን እየተቆጣጠሩ አንድ ዓመት ይጨምሩልን" ብለውታል፤ እስካሁን አልመለሰም። "ምን ልበላቸው?" ሲለኝ፣ "ቆይ" የሚለው ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ስጸልይ ራሴን መረመርኩ። ለካ የተጨነቅሁት ለእሱ ሳይሆን ምሳዬን ብቻዬን እንዳልበላ ኖሯል። እኔና ሟቿ "ጡረታ ስንወጣ" እያልን ያሳደርነው ወሬ ስንት ነበር! ያንተዋ ግን ይቺው፣ ጎንህ ናት። እምቢ በላቸው። ሂድልን። እትዬ፣ ይረከቡን፤ ከዚህ መጋዘን የወጣ ዕቃ ተመላሽ የለውም!

በሉ ብርጭቋችንን እናንሣ። እግዚአብሔር ጤናውን ከዕድሜ ጋር ያድላችሁ። ነገ በጠራራ ፀሐይ፣ ደወል ሳያስነሣችሁ፣ ሁለታችሁ ተቀምጣችሁ ለምትበሉት ምሳ!