አጉራሽና ጿሚ

እዮብ ሞጣ ላይ ነርስ ነው፤ ብዙ ቁስል ሰፍቷል። የሚያንገሸግሸው ግን «ጠመንጃው ባዶ መስሎኝ ነው» እየተባለ የሚመጣው የጥይት ቁስል ነው። አንድ ቀን እናቱን ሊጠይቅ ቢቸና ሲገባ ከከተማው ዳር የአባቱን ወንድም አቶ ወልደ ኪዳንን አገኛቸው፤ ክላሻቸውን ትከሻቸው ላይ አግድመው ነበር።

ሰላምታው ሳያልቅ ወቀሳው ተጀመረ። እሑድ ልጃቸው አስናቀች ትዳራለች፤ እዮብ ከአባቱ የወረሰውን ምንሽር ይዞ ማጀብ አለበት፤ ያውም አጉርሶ። በዚያ አገር ለባለ መሣሪያ ሁሉ ስም ወጥቶለታል፤ አንድ ጥይት በርሜል ውስጥ አስገብቶ የሚዞረው «አጉራሽ»፣ ባዶውን የሚይዘው «ጿሚ» ይባላል። አቶ ወልደ ኪዳን አጉራሽ በመባላቸው ማዕረግ እንደ ተቀበለ ሰው ይኮራሉ፤ የወንድማቸው ልጅ ጿሚ ሲባል ደግሞ ያፍራሉ።

«ጠላት ቢመጣብኝ ‹ቆይ ላጉርስ› ልበለው?» አሉ።

እዮብ ይህን ሰምቶ ሰልችቶታል። «ጋሼ፣ እኔ ዘንድ የሚመጣውን ቁስለኛ ጠላት አይደለም የመታው። ወንድም ወንድሙን፣ ሚዜ ሙሽራውን ነው። ለመሆኑ ለሠርግዎ ጠላት ጠርተዋል?»

አጎትየው ተቆጡ፤ እርሳቸው እንደ ጎረምሳ እንዳልሆኑ፣ ቤት ሲገቡ የጥይት ካዝናውን ሁልጊዜ እንደሚነቅሉ ነገሩት።

«እስቲ አሁን ይንቀሉት።»

ጥይት የሞላውን ካዝና ነቅለው አሳዩት። «ይኸው፣ ባዶ ነው።»

እዮብ ጠመንጃውን ተቀብሎ አፈሙዙን ወደ መሬት አዘቀዘቀና ማቀባበያውን ሳበው። አንድ ጥይት ሣሩ ላይ ዱብ አለች። ካዝናው ቢነቀልም በርሜል የገባችው እዚያው እንደምትቀር አስረዳቸው። ድምፁ ሻከረ፤ በዚህ ዕድሜያቸው ይህን አለማወቃቸው አናዶታል።

አቶ ወልደ ኪዳን መንገዱ ዳር ቁጭ አሉ።

«ትናንት አስናቀች ለሠርጓ ብላ ስትወለውለው ነበር» አሉ። «አፈሙዙን ደረቷ ላይ አስደግፋ። እኔ ነኝ ‹አይዞሽ፣ ባዶ ነው› ያልኋት።»

የእዮብ ንዴት በረደ።

እሑድ አቶ ወልደ ኪዳን ራሳቸው ዳሱ በር ላይ ቆመው የእንግዳውን መሣሪያ ሁሉ ካዝናውን አስነቅለው፣ በርሜሉን አስፈትሸው አስገቡ። አንዳንዱ አጉረመረመ፤ እርሳቸው ግን አልሰሙም። ሰውም ሳይሳቀቅ በላ፣ ፎካሪውም እንዳሻው ፎከረ፣ ከዳሱ ወደ ሐኪም ቤት የሄደ የለም። መሣሪያን ባዶ አድርጎ ወደ ሰው መቀላቀል ፍርሃት ሳይሆን ለሰው ማሰብ መሆኑ በዚህ ታየ።

አስናቀች በዘፈን ታጅባ ስትወጣ አባቷ ስቅስቅ ብለው አለቀሱ። እንግዳው የመለያየት ዕንባ መስሎት አጽናናቸው።